ሰዓቱና ታሪኩ

(በልደታ ኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል። በራዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን በተከታታይ የሚቀርብ ታሪክ እያንዳንዱ ክፍል በተወሰነ ደቂቃ ይሰፈራል። ይህ ስፍር ከመጽሐፍ በተወሰደ ታሪክ አካሄድ ላይ ምን ያስከትላል? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

በዚህ በልደታ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ተማሪዎች ከእራት በኋላ የጃፓንን ሥዕላዊ ፊልም፥ ማለት አኒሜን፥ ተሰብስበን የማየት ልማድ እንዳለን ጎረቤቶቻችን ያውቃሉ። ከፊልሙም በኋላ በየደረጃው ላይ ክርክር ይነሣል። አንዱ «ታሪኩ ተንዛዛ» ሲል ሌላው «ተጣደፈ» ይላል። ብዙ ጊዜም ጥፋቱን ወይ በደራሲው ወይ በአዘጋጁ ላይ ጭነን እንለያያለን። ነገር ግን ከልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ እየኖርን ሦስተኛውን ተከሳሽ ሳንጠራ መፍረድ የሚገባን አይመስለንም። ሦስተኛው ተከሳሽ ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ የጃፓኖቹን ነገር እንመልከት። ቴዙካ ኦሳሙ የተባለው ሥዕለኛና ደራሲ «አስትሮ ቦይ» ተብሎ የሚታወቀውን ሥራውን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1963 ጀምሮ በፉጂ ቴሌቪዥን በየሳምንቱ አቀረበ። ለእያንዳንዱ ሳምንት የተሰጠው ግማሽ ሰዓት ነበር። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ሥዕል መሣል ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ሠራተኞቹ የሥዕሉን ብዛት መቀነስ ግድ ሆነባቸው። አካሉ ቆሞ አፉ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው፥ ሳይንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ የሚታይ ፊት፥ ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሥዕል፥ እነዚህ ሁሉ የአኒሜ ጠባይ ሆነው የቀሩት ከዚህ ችግር ተነሥተው ነው። እንግዲህ ሰዓት ገና ከጅምሩ የጥበቡን መልክ ቀርጾታል ማለት ይቻላል።

ያ ግማሽ ሰዓት እስከ ዛሬ ድረስ ሕግ ሆኖ ቆይቷል። ከ30ው ደቂቃ ማስታወቂያው ሲቀነስ 24 ያህል ይቀራል። ከዚህም ውስጥ የመክፈቻውና የመዝጊያው ዘፈን እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳሉ። ስለዚህ ለታሪኩ የሚተርፈው 21 ደቂቃ ያህል ነው። ያለፈውን ማስታወሻና የሚመጣውን ማሳያ ከጨመርንበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ብዙዎቹ ሥራዎች በሦስት ወር ማለት በ12 ወይም በ13 ሳምንት የሚታዘዙ ስለ ሆነ፥ አዘጋጁ በእጁ ያለው ጊዜ ቢደመር ከአራት ሰዓት ተኩል እምብዛም አይበልጥም። መጽሐፉ ቀጭን ቢሆን ወፍራም፥ ታሪኩ የአንድ ቀን ቢሆን የሃያ ዓመት፥ ስፍሩ ያው ነው።

አሁን ደግሞ ከመጽሐፉ በኩል እንየው። ብዙዎቹ አኒሜዎች የሚወሰዱት ማንጋ ከሚባለው በሥዕል ከሚነገር ታሪክ ነው። በሳምንታዊ መጽሔት የሚወጣ ማንጋ አንዱ ምዕራፍ ሃያ ገጽ ያህል አለው። አንድ የቴሌቪዥን ክፍል ታሪኩን ሳያንዛዛ ቢሄድ ሁለት ምዕራፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ይበላል። ደራሲው ግን በሳምንት የሚጽፈው አንድ ብቻ ነው። በዓመት 50 ክፍል ቢታይ ቴሌቪዥኑ 100 ምዕራፍ ሲጨርስ ደራሲው 50 እንኳ ለመድረስ ይቸገራል። ስለዚህ ሯጩ ቀዳሚውን የሚደርስበት ቀን አስቀድሞ በሒሳብ የታወቀ ነው።

ያ ቀን ሲመጣ አዘጋጆቹ ሦስት መንገድ አላቸው። አንደኛው በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ታሪክ ፈጥሮ መሙላት ነው፤ ይህን ወጣቶቻችን «ፊለር» ይሉታል። «ናሩቶ» የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በ220 ክፍሎች ሲታይ፥ ከ136ኛው በኋላ ያለው አብዛኛው ክፍል እንዲህ ያለ ሙሌት ነበር። ሁለተኛው መንገድ ያለውን ማርዘም ነው። «ድራጎን ቦል ዜድ» ውስጥ አንድ ፕላኔት ሊፈነዳ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረው ከተባለ በኋላ ጦርነቱ በብዙ ሳምንታት ክፍሎች እንደ ቀጠለ የማያስታውስ የአኒሜ ወዳጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በቴሌቪዥን የጀመረው «ዋን ፒስ» ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ ክፍል ሁለት ያህል ምዕራፍ ሲያጠቃልል፥ እየቆየ ሲሄድ በአንድ ክፍል አንድ ምዕራፍ እንኳ መጨረስ አቅቶት ታይቷል። ሦስተኛው መንገድ ከመጽሐፉ ተለይቶ የራስን ፍጻሜ መሥራት ነው። አራካዋ ሂሮሙ የጻፈችው «ፉልሜታል አልኬሚስት» እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ መጽሐፉ ገና ስላላለቀ በ51 ክፍሎች ወደ ሌላ መደምደሚያ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደገና ሲሠራ መጽሐፉን ተከትሎ በ64 ክፍሎች ተፈጸመ፤ ነገር ግን ተመልካቹ መጀመሪያውን ያውቀዋል ተብሎ የመነሻው ታሪክ በጣም ተጣድፎ አለፈ። በአንዱ መጽሐፍ ላይ መንዛዛትም፥ መጣደፍም፥ መሳሳትም ሳይሆን የሁለት ስፍር ልዩነት ታየ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። መንዛዛትና መጣደፍ ተቃራኒ በሽታዎች ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ስፍሩ አስቀድሞ ተወስኖ ነገሩ በኋላ ሲመጣ፥ የጎደለው ይሞላል፤ የተረፈው ይቆረጣል። ቁና እህል ለመስፈር መልካም ዕቃ ነው፤ ማርን በቁና የሚሰፍር ግን በየስንጥቁ የሚፈሰውን ማስላት አለበት።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። «ይህ ሁሉ የጃፓን ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር፥ መልሳችን ጉዳዩ በቤታችን ከገባ ቆይቷል የሚል ነው።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ይህን መጽሐፍ አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ እንዳነበበው፥ በዚያም ንባብ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንዳወቀ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይነግሩናል። እኛም ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ ከመጽሐፉ ጥቂት ገጾች ድምፅ አውጥተን ሰዓት እየተመለከትን አንብበን ነበር። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው አንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለ ሆነ ሙሉው ንባብ 1,500 ደቂቃ፥ ማለት 25 ሰዓት ያልፋል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ዓመት ያህል ይወስዳል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ራዲዮም እንደ ቴሌቪዥን የተወሰነ ሰዓት አለው። ነገር ግን ንባብ ሲሆን ሰዓቱ ታሪኩን ያቋርጠዋል እንጂ አይለውጠውም። ጊዜው ሲያልቅ አንባቢው ያቆማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካቆመበት ይነሣል። የደራሲው ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳይጎድልበት ይጠብቃል። አድማጩ ይናፍቅ ይሆናል፤ ቅር ይለው ይሆናል፤ የተሰረቀበት ነገር ግን የለም።

ወደ ድራማ ሲለወጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በድራማ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መነሻ፥ የራሱ ጡዘት፥ ተመልካቹን ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያስር የራሱ መጨረሻ ሊኖረው ይገባል። የመጽሐፉ ምዕራፍ ግን ሲጻፍ ይህን አላሰበም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከበዛብህና ከሰብለ ፍቅር አይጀምርም። የሚጀምረው ከማንኩሳ፥ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ልጁ በስለት ለቤተ ክርስቲያን መሰጠቱ፥ በየሀገሩ መማሩ፥ ወደ ዲማ መምጣቱ፥ ይህ ሁሉ በዝግታ ይነገራል። ያ ዝግታ ደራሲው ሥራ ፈትቶ ያመጣው አይደለም። በኋላ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚደርሰው መከራ ከአንድ ሰው ክፋት ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላው የኑሮ ሥርዓት የመጣ መሆኑን አንባቢው እንዲያይ ነው። በሰዓት የሚሠራ አዘጋጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን ፍቅረኞች ለማሳየት ይቸኩላል፤ ካላሳየ ተመልካቹ ይሄድበታልና።

ስለ ጉዱ ካሣም ማንሣት አለብን። ካሣ ዳምጤ ብዙ ይናገራል። የሚናገረውም ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ፥ ስለ ልማድና ስለ ሕግ ነው። ንግግሩ ረጅም ነው፤ ከንግግሩ ላይ የሚወድቅ ወይም የሚነሣ ድርጊት የለም። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ብቻ ያለው አዘጋጅ መቀስ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያየው ማንን ይመስላችኋል? የፍቅሩን ደብዳቤ አይቆርጥም። የሽሽቱን ሌሊት አይቆርጥም። በአበጀ በለው የተመራውን የባላገሮች ዐመፅ እንኳ ጦርነት ስላለበት ያስቀረዋል። የሚቆረጠው የጉዱ ካሣ ሐሳብ ነው። እንግዲህ ሳንሱር የሚባል መሥሪያ ቤት ሳይኖር፥ ማንም ክፉ ሳያስብ፥ የግድግዳ ሰዓት ብቻውን የመጽሐፉን አእምሮ ሊያወጣውና ልቡን ብቻ ሊያስቀር ይችላል። ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህን ቀላል ነገር ነው ትላላችሁን? አንድ ትውልድ መጽሐፉን ሳያነብ ድራማውን ብቻ ቢያይ፥ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሁለት ወጣቶች የልቅሶ ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል።

ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በተከታታይ ድራማ መልክ ለሕዝብ ቀርቧል። ስለ እርሱ መልካምነት ወይም ጉድለት ለመፍረድ ዛሬ አልተነሣንም። የምንለው ተመልካቾች ስለ ተዋንያኑና ስለ አልባሳቱ እንደምንከራከር ሁሉ «የጉዱ ካሣ ስንት ደቂቃ ነው?» ብለንም ሰዓት ይዘን እንጠይቅ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎች በየቤቱ ገቡ። ከእነርሱ መካከል «ጥቁር ፍቅር» የተባለው በሀገሩ በ54 ክፍሎች የታየ ነው። የቱርክ ሳምንታዊ ድራማ አንዱ ክፍል በሀገሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይረዝማል። ወደ ውጭ ሀገር ሲሸጥ ግን እያንዳንዱ ክፍል ለሌሎች ጣቢያዎች ሰዓት እንዲስማማ በሁለት ወይም በሦስት ይቆራረጣል። ስለዚህ በእኛ ሀገር ተመልካቹ አንዳንድ ቀን ምንም ሳይፈጸም ክፍሉ ሲያልቅበት፥ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትልቁ ነገር በመካከል ሆኖ ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ወሬ ሲከተል ያያል። ደራሲዎቹ ለሁለት ሰዓት የቀመሩት ጡዘት በአርባ አምስት ደቂቃ ሲሰፈር ቦታው ይዛባል። ጥፋቱ የትርጉሙ ነው ብለን ስንት ጊዜ ተሟግተናል!

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ሰው «እንግዲያው የሰዓት ገደብ ሁሉ የጥበብ ጠላት ነው» ሊል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ለዚህም ሦስት ማስረጃ አለን።

አንደኛ፥ የእንግሊዙ ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1836 እና በ1837 «የፒክዊክ ወረቀቶች»ን በየወሩ 32 ገጽ እያደረገ አውጥቷል። ገደቡ አልገደለውም፤ ሲጽፍ ገደቡን እያወቀ ስለ ጻፈ። በሀገራችንም «የቀን ቅኝት» የተባለው የራዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ ሕዝቡ በናፍቆት ይጠብቀው ነበር። እርሱም ከመጀመሪያው ለራዲዮ ሰዓት የተጻፈ እንጂ ከሌላ መጽሐፍ ተቆርጦ የመጣ አልነበረም።

ሁለተኛ፥ አጭር ታሪክ ከአጭር ሰዓት ጋር ይስማማል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲመሠረት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ለልጆች ተረት ያወሩት፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ፥ ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፥ አንዱን ተረት ለሚቀጥለው ሳምንት ማንጠልጠል አላስፈለጋቸውም። ተረት በአንድ ቁጭታ ተጀምሮ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ነውና። ከጃፓኖቹም «ሙሺሺ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረ ሥራ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ አንድ ታሪክ ስለ ሆነ ማንም ተንዛዛ ወይም ተጣደፈ ሲለው አንሰማም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በዛብህ ራሱ የተማረው ቅኔ ነው። ቅኔ ብርቱ ገደብ አለው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ከዚህ ማለፍም ማጉደልም አይቻልም። ነገር ግን ባለቅኔው የጉባኤ ቃና ሐሳብ ሲመጣለት ወደ መወድስ አይዘረጋውም፤ የመወድሱንም ሐሳብ በሁለት ቤት አያንቀውም። በመካከላቸው ሌሎች ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው የቅኔ ዓይነቶች ስላሉ ለነገሩ የሚስማማውን ይመርጣል። የቅኔ ቤት አሠራር ምሥጢሩ ይህ ይመስለናል፤ ገደቡ የጸና ነው፤ ገደቡ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ቴሌቪዥን የጎደለው ገደብ ማጣት ሳይሆን የገደብ ምርጫ ማጣት ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ዛሬ ዩቲዩብ ስላለ ይህ ሁሉ አልፏል፤ ሁሉም እንደ ፈቀደ ያረዝማል፥ ያሳጥራል» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፥ በኢንተርኔት የሚታይ ሥራ የግማሽ ሰዓት አጥር የለበትም። ነገር ግን ሌላ አጥር በስውር ተተክሏል። በዩቲዩብ ከስምንት ደቂቃ ያነሰ ሥራ በመካከሉ ማስታወቂያ አይገባበትም። ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ነገር ያለው ሰው ስምንት ለማድረስ ይንዛዛል። የግድግዳው ሰዓት ወርዶ በኪሳችን ያለው ሰዓት ተተካ እንጂ ሰፋሪው አልጠፋም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከትችት ባሻገር ማለፍ የተማሪ ግዴታ ስለ ሆነ አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፥ ከመጽሐፍ ተከታታይ ድራማ ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ የክፍሉን ብዛት ከመዋዋሉ በፊት መጽሐፉን በእርሳስ ይከፋፍል። የት ይተነፍሳል? የት ያርፋል? ከዚያ በኋላ ስንት ክፍል እንደሚበቃው ይወስን። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ይውጣ እንጂ መጽሐፉ ከቁጥሩ አይውጣ።

ሁለተኛ፥ ያላለቀ ታሪክ አይጀመር። የጃፓኖቹ ሙሌት ሁሉ የመጣው ተራኪው ከደራሲው ቀድሞ ስለ ሮጠ ነው። የእኛ ታላላቅ ልብ ወለዶች ግን ተጽፈው ያለቁ ናቸው። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ በማንዛዛት ባናጠፋው መልካም ነው።

ሦስተኛ፥ በኢንተርኔት ለሚያቀርቡ ወጣት አዘጋጆች፥ ክፍሎቹ ሁሉ እኩል እንዲሆኑ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም። አንዱ 18 ደቂቃ፥ ሌላው 40 ቢሆን ተመልካቹ አይቆጣም። የጉዱ ካሣ ንግግር 40 የሚፈልግ ከሆነ 40 ይሰጠው። «ረጅም ንግግር በፊልም ይሰለቻል» የሚል ካለም፥ ሐሳቡን በድርጊት ያሳይ፤ በድርጊት ማሳየትም ጊዜ እንደሚፈልግ ግን አይርሳ።

አራተኛው ለመምህሮቻችን የምናቀርበው ልመና ነው። በቴያትር ጥበባትና በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ተማሪው ከአንድ የአማርኛ ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ወስዶ አንድ ጊዜ ለ20፥ አንድ ጊዜ ለ45 ደቂቃ እንዲያዘጋጀው፥ በመጨረሻም ምን እንደ ጣለና ለምን እንደ ጣለ በጽሑፍ እንዲገልጽ ይታዘዝ። መጣልን ያልተማረ አዘጋጅ የሚጥለው ሰዓቱ ነውና። በእኛ በኩል በዚህ ግቢ የምንኖር ተማሪዎች ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በዚህ አዳራሽ ድምፅ አውጥተን ለማንበብ ተስማምተናል። ሰዓቱ ሲያልቅ እናቆማለን፤ አንድም ገጽ ግን አንዘልም። ማንበብ የሚፈልግ ስሙን ያስመዝግብ፤ ማዳመጥ የሚፈልግም ወንበር ይዞ ይምጣ፤ የአዳራሹ ወንበሮች ለሁላችን አይበቁምና።